ነቅቼ ልውለድ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ዳገቱን ቻለልሽ ወይ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ያቺ ተዋጊ ላምሽ ሳትቀር ደህና ናችሁ? እኔ ከነሆዴ ደህና ነኝ። ሰላም የነሳኝ የንፋስ መውጫ ንፋስ ብቻ ነው፤ እሱንም አሁን በሆዴ እየገፋሁት ነው የምሄደው። ስልካችሁ ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ አልጠራ ስላለኝ፣ ለገበያ ወደ አርብ ገበያ የሚወርደውን ቸሬን አድርስልኝ ብዬ ለምኜ ይኸው ጻፍኩልሽ። ቸሬ ማንበብ ስለማይወድ አልሰጋም።

እታለም፣ ደስ ብሎኛል! በዚህ ዕድሜዬ፣ ሽበቴን በሻሽ እየሸፈንኩ፣ ነፍሰ ጡር ናት ተብሎ ወንበር ሲለቀቅልኝ አንድም ቀን አላፈርኩም። እንዲያውም ባጃጅ ውስጥ ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ። ቀኑ ተቆርጧል፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሐሙስ በኦፕራሲዮን ነው የምወልደው። የድሮው ስፌት ስላለ ምጥ አይጠበቅም አሉኝ። ይህን የሰማች ጎረቤቴ ደጊቱ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ምጥ የሌለበት ወሊድ! ታዲያ ማርያም ምን ልትሠራ ትመጣለች?» አለችኝ። «የዶክተሩን እጅ ልትይዝ ነዋ!» አልኳት። እስኪበቃት ሳቀች። ገንፎው በዚያው ዕለት እንደማይበላ ስትሰማ ግን ፊቷ ተለወጠ፤ የምታገነፋው እሷ ነበረቻ!

የምትከታተለኝ አዋላጅ ርብቃ ትባላለች። ገና ልጅ ናት፣ ግን ሰው ትሰማለች። ባለፈው ቀጠሮዬ አስቀምጣኝ፣ «እትዬ፣ ኦፕራሲዮን ቢሆንም ወሊዱ የእርስዎ ነው። ምን ምን እንዲሆንልዎ እንደሚፈልጉ ይንገሩኝ፤ የሚቻለውን ከዶክተሩ ጋር እንነጋገርበታለን» አትለኝም? እኔን! ምን ትፈልጊያለሽ ተብዬ የማላውቀውን! ከዚያ በኋላ አፌ መቼ ይዘጋል፤ ወረፋ የያዙት ሴቶች በሩን እስኪደበድቡ አወራሁላት።

መጀመሪያ ማተቤን አትበጥሱብኝ አልኳት። መስቀሉ ብረት ስለሆነ ይወልቃል፣ ክሩን ግን እንተውልዎታለን አለችኝ። የእንግዴ ልጁንም እንዳይጥሉት፣ ባለቤቴ ክንዱ ወስዶ ጓሯችን እንዲቀብረው ጠየቅኋት፤ እሺ አለች። ክንዱ ከቤተ ልሔም ደብር ያስመጣውን ጠበል ከመግባቴ በፊት እንድጠጣ ስጠይቃት ግን፣ ሆድ ባዶ መሆን አለበት፣ ግንባርዎን ይቀቡት አለችኝ። እልልታስ ስላት ሳቀች። ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ አይሆንም፣ ኮሪደሩ ላይ ግን ማን ይከለክላል አለች። እንግዲህ ለሴት ልጅ እልልታ ሲያሳንሱ አልወድም። ወንድም ይሁን ሴት እኩል ይባልልኝ፤ ይህን ለደጊቱ አንቺ ንገሪልኝ፣ እኔን አትሰማኝም።

ከዚያ ዋናውን ነገር ተናገርኩ። ነቅቼ ልውለድ አልኳት። ለምን ይህን ያህል እንደጓጓሁ አልገባትም። ወገብ ላይ የሚወጋ ማደንዘዣ አለ፣ የሚያደነዝዘው ከታች ብቻ ነው፣ ልጅዎ ሲያለቅስ ይሰማሉ፣ መጋረጃውን ዝቅ አድርገን እናሳይዎታለን፣ ደህና ከሆነም ደረትዎ ላይ እናስተኛዋለን አለችኝ። እሷ ስታወራ እኔ አለቀስኩ። ደስታ መሰላት። ደስታም ነበረበት። ደጊቱማ፣ «ሆድሽ ሲከፈት ነቅተሽ? አብደሻል እንዴ አንቺ!» ብላኛለች።

እታለም፣ ያኔ በቃሬዛ ተሸክማችሁ፣ ከዚያ በመኪና አድርሳችሁኝ፣ ጭንብሉን ፊቴ ላይ ሲያደርጉብኝ ሆዴ ውስጥ ልጅ ነበረ። ስነቃ ሆዴ ተሰፍቷል፣ ልጅ የለም። በመካከሉ የሆነውን አላውቀውም። ሌላዋ እናት ልጅ ሲሞትባት መሞቱን እንኳ ታያለች፤ እኔ ተኝቼ ነበር። ሴት እንደነበረች የነገረችኝ አልጋ የምታነጥፈው ሴትዮ ናት። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ክርስትና ላልተነሳ ልጅ አይለቀስም፤ ብታለቅሺ ለሚመጣው አይበጅም» ብላ አፌን በእጇ ያዘችኝ። እኔም አላለቀስኩም። የሚመጣውም ሳይመጣ ይህ ሁሉ ዘመን አለፈ። ሰው «ወልደሽ ታውቂያለሽ?» ሲለኝ መልሱ ይጠፋኝ ነበር። ለርብቃ ግን «ሁለተኛዬ ነው» አልኳት። አፌ ላይ እንዴት እንደጣፈጠኝ አትጠይቂኝ!

ርብቃ የደበቀችኝ ነገር የለም። መርፌው ካልያዘ ወይም ደም ከበዛ፣ እንደ ያኔው ሙሉ በሙሉ ያስተኙኛል። የምጽፍልሽም ለዚህ ነው። አብሮኝ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ክንዱ እኔ ነኝ የምገባው ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አውርቷል፤ ዶሮ ሲታረድ ጓሮ የሚሸሸው ሰውዬ! «አንተን ከወለሉ ሲያነሱህ እኔን ማን ይሰፋኛል?» ብዬ አሳቅኩትና፣ አንቺ እንድትገቢ እንደምፈልግ ነገርኩት። ትንሽ ከፋው። ለምን እሷ ቢለኝ፣ ሴት ትሻለኛለች ብዬ አለፍኩት።

እንግዲህ አደራሽን። ካስተኙኝ፣ ልጁን ማንም ይዞት እንዳይሄድብኝ። በሕይወት ካለ እስክነቃ እቀፊው። በሕይወት ከሌለም እስክነቃ እቀፊው። ዘመድ «አይታው ምን ልትሆን ነው?» ቢልሽ፣ ክንዱ ራሱ ቢለምንሽ፣ አትስጪ። ጣቶቹን ልይ፣ አንገቱ ሥር ልሳመው፣ ከዚያ በኋላ ውሰዱት ብዬ የምሰጠው እኔ ልሁን። ለርብቃም ይህንኑ ነግሬያት እሺ ብላኛለች፤ ግን በዚያ ሰዓት ተረኛ ባትሆንስ?

ያኔ ስነቃ አጠገቤ ነበርሽ። በዚያ ብርድ ነጠላሽ ትከሻሽ ላይ የለም። የት ጣልሽው ስልሽ፣ መኪና ውስጥ ረሳሁት አልሽኝ። እግርሽ ግን እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ጭቃ ነበር። አልጠየቅሁሽም። አሁንም የት ቀበርሻት ብዬ አልጠይቅሽም፤ እማዬ ያስማለችሽን አታፍርሺ። ብርድ እንዳላገኛት ማወቄ ይበቃኛል።

ሐሙስ ዕለት ልጁ ሲወጣ፣ ወንድ ነው ሴት ናት የሚለውን ሌላው ይናገር። አንቺ ፊቱን እይልኝ። ሳትቸኩዪ፣ ረጋ ብለሽ እይልኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ በይና፣ ያቺን የመጀመሪያዋን ይመስላት እንደሆነ ንገሪኝ። ከአንቺ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ማርያም ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ መንገዱን ሰላም ታድርግልሽ፣ ቤትሽን ከነልጆችሽ ትጠብቅልሽ። ረቡዕ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድትደርሺ፣ በር ላይ ወጥቼ እጠብቅሻለሁ።

ታናሽ እህትሽ