ካርቶን የለመደ ጣት

ነቀምቴ፣ 1957 ዓ.ም.

መስከረም 22
ዛሬም ጠረግኩ፣ ወለወልኩ። ፍርድ ቤቱን ማጽዳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። የጸሐፊውን የአቶ ወልደሩፋኤልን የጽሕፈት መኪና ስወለውል ፊደሎቹ ያሉበትን ቦታ በቃሌ ያዝኩት… የላይኛው መደዳ ብቻ ቀረኝ። በግንቦት ሁለተኛ ጸሐፊ በፈተና ይቀጠራል አሉ። እኔስ ብፈተን? ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት!

መስከረም 29
ባለሱቁ አበጋዝ የሳሙና ካርቶን ሰጠኝ። ፊደሎቹን በእርሳስ ሣልኩበት። ባሌ ሞረዳ "ሚስቴ ካርቶን ትደበድባለች" እያለ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀብኝ። ይሳቅ። የሚንገዳገደውን ጠረጴዛ ግን ሳልጠይቀው ጠግኖልኛል።

ኅዳር 14
በየማለዳው ግማሽ ሰዓት። ዛሬ አንድ ሙሉ ደብዳቤ ሳላይ ጨረስኩ! ልክ ይሁን ስህተት ግን ማን ያውቃል? ወረቀት የለ፣ ቀለም የለ…

ጥር 6
አቶ ወልደሩፋኤልን ለመንኳቸው፤ መኪናው ላይ አስቀመጡኝ። ጣቶቼ ቦታቸውን ያውቃሉ… ቁልፉ ግን አልወርድ አለ! ግማሹ ፊደል ደብዛዛ፣ ግማሹ ጭራሽ የለም። ትንሿ ጣቴማ ጉድ ሠራችኝ።
"የት ነው የተማርሽው?"
"ካርቶን ላይ፣ ጌታዬ።"
ጣቶቼን አየት አደረጉ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ለካ ሦስት ወር ሙሉ ስዳብስ ነው የከረምኩት።
"በይ፣ ከነገ ጀምሮ ምሳ ሰዓት ነይ" አሉኝ። ምሳ ሰዓት እኮ ለእሳቸው የማረፊያ ሰዓት ነው! እግዜር ይስጣቸው።

መጋቢት 3
እንደገና ከሀ። ትንሿ ጣቴ አብጣለች። እናቴ ከአርጆ መጥታ በቅቤ አሸችልኝ። "ጀባዹ፣ ኢንተለ ኮ"፣ በርቺ ልጄ፣ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ምን እንደምሠራ በደንብ አልገባትም። እሷን የሰጠኝ ይመስገን።

ሚያዝያ 20
ዛሬስ በቃኝ፣ ተውኩት ብዬ ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እግሬ ራሱ ወሰደኝ።

ግንቦት 17
ፈተና። አምስት ወንዶችና እኔ። ከሁሉም የዘገየሁት እኔ ነኝ። አለቀልኝ አልኩ… ዳኛው አንዱን ወረቀት ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት። አንድም የደበዘዘ ፊደል የለውም።
"ይሄ የማን ነው?"
"የዓባይነሽ ነው" አሉ አቶ ወልደሩፋኤል። ስሜን ሲጠሩ ድምፃቸው ኮራ ብሎ ነበር።

ሰኔ 1
የጸሐፊነት የመጀመሪያ ቀኔ። አሥራ አንድ ውሳኔ ጻፍኩ። ቤት ስገባ ጣቶቼ አልታጠፍ ብለው እንጀራ መቁረስ አቃተኝ። ሞረዳ አጠገቤ ተቀምጦ እንደ ሙሽራ አጎረሰኝ። "የመንግሥት ጣት ነው፣ እንዳይደክም" አለ። ሳቅኩ። ጉርሻው አፌ ውስጥ እያለ እንባዬ መጣ።