በአሊዩ አምባ የጮኸው ከበሮ

ታኅሣሥ ፲፯ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

አንኮበር እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ ዋለች። ከማሕሌት ስመለስ ባለቤቴን ወለተ ሥላሴን ባቄላ ስትቆላ አገኘኋት። ሌላ ወሬ የለም ልል ነበር... አለ እንጂ! የደብራችንን ከበሮ አይጥ በላው። ቆዳውን፣ ያውም በጾም! ይህ አይጥ ንስሐ አባት የለውም?

አለቃ ገብረአብ አስጠሩኝ። "መሪጌታ፣ ጥምቀት ደረሰ። አምና የማዶ ደብር ሰዎች ከበሯቸው በልጦ ሳቁብን።" ዘንድሮ አይስቁም አልኋቸው። "እንግዲያው ጆሮ ያለው ሰው ይግዛ" አሉ። ጆሮ ያለውማ እኔ ነኝ፤ ከጎልማሳነቴ ጀምሮ የመታሁት እኔ። "ከሳቁብን ግን ከበሮው ለሌላ፣ ላንተ ከዲያቆናቱ ጋር ጥላ መያዝ።" በዚህ ዕድሜዬ ጥላ! ለመግዣ አንድ ሙክት ሰጡኝ።

ታኅሣሥ ፳

ደብረ ብርሃን። ወልደአረጋይ የሚሉት ከበሮ ጠራቢ ዘንድ ሄድሁ። ከበሮው መልካም ነው፤ ሰውዬው ግን የሚያውቀው አንድ ቃል ነው። "እንጨቱ ዋንዛ ነው?" "ጊደር።" "ሙክት ብሰጥህስ?" "ጊደር።" እንዴት አደርህ ብለውም ጊደር ሳይለኝ አይቀርም። ሙክቴን እየጎተትሁ ተመለስሁ። እግሬ አብጧል።

ታኅሣሥ ፳፭

አሊዩ አምባ ወረድሁ። ሙቀቱ! ኑርዬ የሚባል ነጋዴ አለ፣ አፉ ማር። "ለመንዙማም ለማሕሌትም የምሸጠው እኔ ነኝ" ይላል። ከበሮውን ፀሐይ ላይ አቁሞታል። መታሁት። ድም! ፍየሎች ተበተኑ፤ አንድ አህያ ጭነቱን ጥሎ ፈረጠጠ። ኑርዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ዛሬ ገና ጆሮ ያለው ሰው መጣልኝ" አለ። ምን ሌላ ይፈለጋል? ሙክቱን ሰጥቼ ነጎድጓዴን ተሸክሜ ወጣሁ። በዓለም ላይ በጊደር የሚገዛ ሞኝ ይኖር ይሆን?

ታኅሣሥ ፳፮

ዛሬ ጠዋት ደጄ ላይ መታሁት። ዱፍ። ደግሜ መታሁት። ዱፍ። ወለተ ሥላሴ ብቅ ብላ "ማነው አጎዛ የሚያራግፈው?" አለች።

ጥር ፩

ልመልሰው ተሸክሜው ወረድሁ። ቁልቁለቱ ላይ ጉሙ አለቀ፣ ፀሐይ ሆነ። ኑርዬ በመዳፉ ቸብ አደረገው። ድም! "መሪጌታ፣ የታመመው ከበሮው ነው ወይስ እርስዎ?" ገበያው ሁሉ ሳቀ። እኛ አገር ሲደርስ አይጮህም ስለው፣ "እኔ የሸጥሁት ከበሮ ነው፤ የአገርዎን ጉም እኔ አላመጣሁት" አለኝ። ከበሮዬን ተሸክሜ ተመለስሁ።

ቆዳ ጉም ሲጠጣ ይላላል፣ ሲሞቅ ይወጠራል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔም አውቃለሁ። ታዲያ ስገዛ ዕውቀቴ የት ሄዶ ነበር? ያቺ "ጆሮ ያለው ሰው" የምትል ቃል ናት ያደነቆረችኝ። አፈርሁ። እውነቴን ነው፣ በጣም አፈርሁ።

ጥር ፭

ከበሮው ምድጃ ዳር ሰንብቷል። ሲሞቅ ይጮኻል፤ ደጅ ወጥቶ ጥቂት ሲቆይ ዱፍ። ወለተ ሥላሴ ከእሳቱ ተፈናቅላለች። "መሪጌታ" አለችኝ ዛሬ። መሪጌታ ካለችኝ ተቆጥታለች። "ሰርግ ተደግሶልዎ ያገቡት እኔን ነው ወይስ እሱን?"

እኔማ በእውኔም በሕልሜም የሚታየኝ ጥላ ነው።

ጥር ፲፩

ጥምቀት። ጉም፣ ጉም፣ ጉም።

የኛም የማዶዎቹም ታቦት ወንዙ ዳር አድረዋል። ጠዋት ከበሮዬን ላሞቅ ከዐለቱ ጀርባ ብሄድ እሳት ተቀጣጥሎ አገኘሁ። ዘርአ ዳዊት! የማዶ ደብር ከበሮ መቺ፣ አምና የሳቀብኝ! ከበሮውን እንደ ሕፃን አቅፎ ያሞቃል። ተያየን። ከዚያ ከበሮዎቻችንን አየን። የሱም እንደኔው አዲስ፤ ጠፍሩ አንድ፣ ቀለሙ አንድ።

"ኑርዬ?" አልሁት።

"ኑርዬ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

"ጆሮ ያለው ሰው መጣልኝ አለህ?"

ጆሮው ቀላ። ከዚያ ሳቅን... እንባችን እስኪወርድ። ይህን ሰው ዓመት ሙሉ ጠልቼዋለሁ፤ ለካ ደግ ሰው ነው።

ተማከርን። የነሱ ወረብ ሲያልቅ የኛ ይጀምራል። ስለዚህ እሱ ሲመታ አንዱ ከበሮ ይሞቃል፣ እኔ ስመታ ሌላው። የቀዘቀዘው ወደ እሳት፣ የጋለው ወደ ማሕሌት። ኋላማ የቱ የማን እንደሆነ ጠፋን። ገደሉ ሁሉ ድም ድም አለ!

ጥር ፲፪

አለቃ ገብረአብ ግንባሬን ሳሙኝ። "ማዶዎቹን አስናቅሃቸው!" የማዶው አለቃም ዘርአ ዳዊትን እንዲሁ ብለው ስመውታል። የእሳቱን ነገር ለማንም አልተነፈስንም። ጥላው ቀረልኝ፤ ተመስገን።

ጥር ፳

እኔና ዘርአ ዳዊት፣ ከበሮዎ ስሙ ወጥቷል፣ ሌላ ይዘው ይምጡ ብለን ለኑርዬ ልከንበት ነበር። ዛሬ መጣ። ከበሮውን በአህያ ጭኖ፣ ከኔና ከዘርአ ዳዊት የተቀበላቸውን ሙክቶች ለአንኮበር ገበያ እየነዳ፣ በስስ ኩታ! ጥርሱ ይንገጫገጫል።

"እስቲ ይምቱት" አልነው።

መታ። ዱፍ። እኛን አየን። ደግሞ መታ። ዱፍ። ገልብጦ ታችኛውን አፍ መታ። ከዚያ ከበሮውን ተወና ዓይኑ ዘርአ ዳዊት የደረበው የሱፍ ባና ላይ ቀረ። "ይሄ... ይሸጣል?"

አፌን ሳልከፍት ወለተ ሥላሴ ቀደመችኝ። ባናውን ከዘርአ ዳዊት ትከሻ ገፍፋ ኑርዬ ላይ ጣለችው።

"ይሞቃል?"

"ይሞቃል እንጂ እናቴ!"

"ሁለት ሙክት።"

"ለአንድ ባና?!"

"እንግዲያው ያውልቁት።"

አላወለቀም።

ሙክቶቹ ደጄ ታስረው ያመሰኳሉ፤ የኔው እንዲያውም ወፍሯል። ዘርአ ዳዊት ምድጃው ዳር ተቀምጦ ባቄላችንን ይጨርሳል። ኑርዬ ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ እየመረቀን ቁልቁል ወረደ። አሊዩ አምባ ሙቀት ውስጥ ምን ያደርግለታል? ያን እዚያው ሲደርስ ያስበው።