ያረረ ስለት

ሰኞ፣ ኦገስት 4

ነፋስ። ጀልባዋ ታስራ ዋለች፣ ሽሪምፕ የለም። ስለዚህ እጽፋለሁ። እኔ! ኡት! የማታ ትምህርት ጨርሼ የምስክር ወረቀቴን ከመታጠቢያ ቤቱ መስታወት በላይ የሰቀልኩት። (ሚስቴ ታም ሳሎኑን ከለከለችኝ።) እዚህ አሜሪካ፣ በቢሎክሲ ወደብ ካለነው ቬትናሞች መሃል እንደ እኔ ፈጥኖ ማንበብ የለመደ የለም። ሌሎቹ በልጅነታቸው ነው የተማሩት... እሱ አይቆጠርም።

ያስተማሩን የፓጎዳው፣ የቡድሃ ቤተ መቅደሳችን፣ መነኩሲት እማሆይ ሃን አንድ ነገር ብቻ ነቀፉብኝ። "ኡት፣ ምልክት ታበዛለህ" አሉ። በፊደላችን አናት ላይ የሚቀመጡትን፣ ድምፁን ሽቅብ ቁልቁል የሚያደርጉትን ጭረቶች ማለታቸው ነው። ቢበዙስ? ምልክት የሌለው ቃል ባርኔጣውን ረስቶ ድግስ የሄደ ሽማግሌ ነው። እኔ ለሁሉም አለብሳለሁ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 6

እማዬን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ደሟ አንሷል። ክብደቷ... ሐኪሙ ሚዛኑ የተበላሸ መስሎት መታ መታ አደረገው። "ዓሣ ትብላ፣ እንቁላል ትብላ። አለዚያ ክረምቱን..." ብሎ ተወው። ተረጎምኩላት። መጨረሻዋን ዘለልኳት።

"ስለቴን ለሐኪም አልተሳልኩም" አለች።

ስለቱ ስለ እኔ ነው። በባሕር ስንሰደድ ልጅ ነበርኩ፣ ትኩሳት ጣለኝ። ሰዎቹ "አብቅቶለታል፣ ይወርወር" አሉ። እሷ አቅፋኝ ለኳን አም፣ ለምሕረት እናታችን፣ ተሳለች፤ ልጄ ይትረፍልኝ እንጂ እስክሞት ፍስክ አልቀምስም። ተረፍኩ። አልቀመሰችም። እኔ ደግሞ በየመጠጥ ቤቱ "እናቴ ዓሣ የተወችልኝ ሰው ነኝ!" እያልኩ... አፌን ሽሪምፕ ሞልቶት።

ዓርብ፣ ኦገስት 8

ተንኮል አሰብኩ። የዓሣ አጥንት ቀቅዬ፣ አጥልዬ፣ ከቶፉ፣ ከአኩሪ አተር አይብ፣ ሾርባዋ ላይ አንድ ጭልፋ... አፍንጫዋ ደክሟል፣ አታውቅም። እንደ እኔ ያለ ብልጥ የት ይገኛል?

ሳህኑን አቀረብኩላት። እጆቿን አጋጠመች። "እናታችን ሆይ፣ ኡትን ከማዕበል ጠብቂልኝ" አለች፣ እህል ከመቅመሷ በፊት ሁልጊዜ እንደምትለው። ማንኪያውን አነሳች።

"ቆይ! ዝንብ!" ብዬ ነጠቅኳት። ግማሹ ሱሪዬ ላይ።

"የታለ ዝንቡ?"

"በረረ።"

"ተነክሮ በረረ? አንተስ ከመቼ ወዲህ ነው ዝንብ የምትጠየፈው? እግርህን ሳትታጠብ የምትተኛ ሰውዬ!"

ታም ከምድጃው ዞራ አየችኝ። ሱሪዬን አሸተተች።  

እሑድ፣ ኦገስት 10

ፓጎዳ። እማሆይን ለብቻቸው አገኘኋቸው።

"እማሆይ፣ የሰውን ስለት ሌላ ሰው መሸከም ይችላል?"

"የማንን?"

"የእናቴን። ስለ እኔ የተሳለችውን።"

የመቁጠሪያቸውን ፍሬ አንድ ሁለት ገፉ። "ስላንተ ከሆነ አንተ ብትከፍለው የምሕረት እናት ትቀየማለች ብዬ አላምንም። ግን እናትህ ትልቀቅልህ። ደሞስ አንተ... ሽሪምፕ ሳትበላ ትኖራለህ?"

"እኔ? እኔን ምን ያቅተኛል!"

ቤት ገብቼ አንድ ሳህን የተጠበሰ ሽሪምፕ በላሁ። መሰናበቻ። ሁለተኛ ሳህን... እሱም መሰናበቻ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 20

እማዬን ልጠይቃት ሦስቴ አፌን ከፈትኩ። "አዛጋህ፣ ተኛ" አለችኝ። በቃ፣ ስለቱን መረከቤን ለእናቶች በዓል በሕዝብ ፊት አቀርበዋለሁ። በሕዝብ ፊት አትሰድበኝም። ጽሑፉን ራሴ እጽፈዋለሁ። ማንም እንዳያርምልኝ።

ቀሚሷ ሰፍቷታል። ታም በመርፌ ቁልፍ ያዘችላት።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 30

ቩ ላን፣ የእናቶች በዓል። እናቱ ያለችለት ቀይ አበባ ይሰካል፣ የሞተችበት ነጭ። እኔ ቀይ። ባይ የሚባለው የጀልባችን ካፒቴን ነጭ ሰክቶ አጠገቤ ቆመ። አበባውን አየሁ... ከዚያ ማየት ተውኩ።

ወረቀቴን ለእማሆይ ሰጠሁ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። "ከዛሬ ጀምሮ እኔ ኡት፣ በእናቴ ፈንታ፣ ዕድሜ ልኬን..." ቆሙ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። 

"...ያረረ እበላለሁ።"

በቬትናምኛ የጻፍኩት ቃል ቻይ ነው። ጭረት ከሌለው የጾም ምግብ ነው። ሽቅብ የምትወጣ ጭረት ካረፈችበት ያረረ ነው። ባርኔጣውን ያለበስኩት እኔ!

ፓጎዳው በሳቅ ፈረሰ። ባይ ከአጠገቤ ጮኸ፦ "ታም፣ ተገላገልሽ! ባሳረርሽ ቁጥር ስለቱን አደረስሽለት!"

"ሳይሳልም እሱኑ ሲበላ ነው የኖረው!" አለች ታም።

እማዬ ምሰሶ ይዛ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ። ከዚያ፦ "እማሆይ፣ ምን ሊል ፈልጎ ነው?"

ነገሯት። ሳቋ ቆመ።

"አንተ? ጾም?"

"አዎ እማዬ። አንቺ ብዪ፣ እኔ ልጹም።"

"ሽሪምፕስ?"

"ሽሪምፕም።"

"ማን አዘዘህ?"

"አንቺንስ ማን አዘዘሽ?"

በሕዝብ ፊት ሰደበችኝ። "ደረቅ!" አለች። ከዚያ ወረቀቱን ከእማሆይ እጅ ወሰደች። ገልብጣ ነው የያዘችው፣ ፊደል አታውቅም። ብዙ አየችው። መለሰችላቸው።

"ጭረቷን አጥፉለት" አለች።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1

ታም ዓሣ በእንፋሎት አበሰለች። ሙሉውን፣ ከነጭንቅላቱ። እኔ ፊት ቶፉ። ቶፉ ምን ይላል? ምንም አይልም... ዕድሜ ልክ ከእሱ ጋር ልጨዋወት ነው።

እማዬ ጸለየች። ዓሣውን ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከውጭ አገር እንደመጣ ዘመድ። ደግሞ አየችኝ። "ጸጸት የለህም?" "አለኝ። ብዪ።"

በቾፕስቲክ የጉንጩን ሥጋ፣ ለስላሳውን፣ ፈልቅቃ አወጣች። እኔ ሳህን ውስጥ አስቀመጠችው።

ሦስታችንም አየነው። ታም በእጇ አፏን ያዘች።

"ውይ" አለች እማዬ። "እጄ ለምዶብኝ ነው። አሁን ለማን ልስጠው?"

አነሳሁት። ሽታው... ኧረ አልናገርም። እሷ ሩዝ ላይ አኖርኩት።

ጎረሰች። ዓይኗን ጨፍና አላመጠች፣ አላመጠች። 

"ዝንጅብል አንሶታል" አለች፤ እጇን ወደ ዓሣው ሰደደች።