የኋላው ክፍል ጣሪያ

ልጄ፣ በሰው አገር ደጁ ሁሉ ይከፈትልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎታል።

ያቺ የድሮ አከራያችን ቤቷን ልትሸጥ ነው። ግንበኛው አጎትሽ አይቶት፣ «ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ጣሪያው በስብሷል፤ ገንዘብ ገደል መክተት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን እንድንገዛው እፈልጋለሁ። አንቺ በሳል ታመሽ፣ ጣሪያው ያፈሳል ብላት «ባልዲ ደቅኑበት» ያለችኝን እሷ ረስታዋለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አሁን መሄጃ አጥታ፣ እኛ የነበርንበትን የኋላውን ክፍል እንዳከራያት ለመነችኝ። «በደስታ» አልኳት።

እባክሽ የኔ እናት፣ እሺ በይኝና ቤቱን እናድሰው። የኋላው ክፍል ጣሪያ ግን እንዳለ ይቆይ። አንቺን ፈጣሪ ከብርድ ከዝናብ ይሰውርሽ፤ ለእሷ ባልዲውን አስቀምጬላታለሁ።

እናትሽ