አባባን ያስረፈደው ላቲን

ለምወድህና ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ ለሮይስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመሃል? ያ የአላስካ ባሕር ጉልበትህን እንዴት ያዘው? ባለፈው በስልክ ስታስል ሰምቼህ ሆዴ ሲባባ ሰነበተ። ማር በሎሚ ጠጣ ብልህም እንደማትጠጣ አውቃለሁ፤ የአባትህ ልጅ ነህና። ሚስትህ ሊድያስ እንዴት ናት? ወገቧ ተሻላት? ሳም አሁንም ከዓሣው ይልቅ ጀልባው ላይ ያለችውን ድመት ነው የሚወደው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባሌ ዱዌይን በመጋዝ ቤቱ ሥራው አልተቋረጠበትም። ትንሹ ጄስ መሮጥ ጀምሮ በቦታው የሚገኝ የድስት ክዳን አልተረፈልኝም። አባባም ደህና ነው፤ ማለቴ፣ ማማረሩን አላቆመም።

ስልኩ እየተቆራረጠ ያልጨረስኩልህ ወሬ አለ። ስለ ልጄ ስለ ኮራ ነው። ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርኩት አይጥምምና ታገሠኝ።

ባለፈው ነሐሴ ከትምህርት ቤት እንዳወጣናት ነግሬሃለሁ። ክፍል ውስጥ ተነሥተሽ አንብቢ ሲሏት ፊደሉ ይምታታባታል፣ ልጆቹ ይስቁባታል፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ልማዷ ሆነ። የአሥር ዓመት ልጅ መጽሐፍ ስታይ እጇን ወደ ኋላ ስትደብቅ ማየት አንጀት ይበላል። ዱዌይንን ቤት ላስተምራት ስለው እሺ አለኝ፤ ግን ቁርጡንም ነገረኝ። "እስከ ፋሲካ ማንም ሳያስገድዳት በራሷ ፈቃድ መጽሐፍ ስትከፍት ካላየሁ ወደ ትምህርት ቤቷ ትመለሳለች" አለ። የሚያስቀይም ነገር አልተናገረም፤ ተስማማሁ።

አባባ ግን አልተስማማም። ሠላሳ ዓመት ያን ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳ ሰው የገዛ የልጅ ልጁ ቤት ትማራለች ሲባል እንደ ስድብ ቆጠረው። "የእኔ አውቶቡስ ምን አጠፋች? ወንበሯ እሾህ አለው?" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ደጃችን ሲደርስ ያቆማል። በሩን ይከፍታል። ትንሽ ይጠብቃል። ይዘጋና ይሄዳል። ኮራ ከመጋረጃው ጀርባ ትደበቃለች፣ እኔ እጄ በሊጥ እንደተለወሰ በንዴት እበስላለሁ። ያንን ሰው ታውቀው የለም? ካኮረፈ ማኩረፉንም በሰዓቱ ነው የሚያኮርፈው።

ታዲያ ላቲን፣ ያ ተናጋሪው ድሮ ያለቀ ቋንቋ፣ ከየት መጣ ትለኝ ይሆናል። እዚህ ልጆቻችንን ቤት የምናስተምር እናቶች ሐሙስ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እንሰበሰባለን። በዚያ ጉባኤ ላቲን የማታስተምር እናት ድግስ ቤት ባዶ እጇን እንደመጣች ናት። እኔ ለራሴ አንዲት ቃል አላውቅም፤ ብዙዎቹም አያውቁም፤ ማታ አጥንተን ጠዋት አዋቂ መስለን እንቀመጣለን። የፓስተሩ ሚስት ግሌንዳ ግን አንድ ነገር ነገረችኝና ልቤ ውስጥ ቀረ። "ዴላ፣ ላቲን እንደተጻፈ ነው የሚነበበው። ተጽፎ የማይነበብ፣ እየተደበቀ ልጅ የሚያሳስት ፊደል የለውም። ልጅሽ ምናልባት እዚያ ታርፍ ይሆናል" አለችኝ።

እሷ የምታስተምርበትን ወፍራም ሰማያዊ መጽሐፍ ገዛሁ። የግሌንዳ ልጆች በእሱ ተምረው አንደበተ ርቱዕ ሆነዋል፤ መጽሐፉን አልረግመውም። የእኔዋ ግን ቆማ የግስ እርባታ ሰንጠረዥ ስትደግም ሰንብታ በሁለተኛው ሳምንት ጠረጴዛ ሥር ከውሻው ጋር ተኝታ አገኘኋት። ቀጥዬ በዘፈን የሚያስተምር፣ ዝንጀሮ የተሳለበት አመጣሁ። ጄስ ጨፈረበት፣ ወደደው፣ እስከ ዛሬም ወተት ሲፈልግ በላቲን ነው የሚጮኸው። ኮራ ግን ክንዷን አጣጥፋ "እማ፣ እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?" አለችኝ።

በየካቲት ያው የተለመደው የአሮጌ መጻሕፍት ሽያጭ ደረሰ። እነዚያ ጨዋ ሴቶች በሩ ሲከፈት እንዴት በክርን እንደሚጋፉ ብታይ በመርከበኞችህ ምትክ ትቀጥራቸው ነበር። እኔ ስጋፋ ኮራ ጠፋችብኝ። ስፈልጋት አንድ ጥግ መሬት ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። መጽሐፍ ይዛ! ጀርባው የተገነጠለ፣ ሽፋኑ የተላጠ የላቲን መማሪያ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ታሪክ ነው የሚያወራው። በመንገድ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያለው ፉስኩስ የሚባል ስስታም አለ፤ ከጌታዋ ይልቅ ብልጥ የሆነች አህያ አለችው። በአጫጭር ቃላት ይጀምርና እያደር ይከብዳል። ግሌንዳ አየችንና "ዴላ፣ እሱ እኮ ጨዋታ ነው። ሰንጠረዥ የለው፣ ለመምህር የተዘጋጀ መልስ የለው" አለችኝ። ግማሽ ልቤ እሷን አመነ። ግን ልጄ መጽሐፍ ላይ ስትስቅ ካየሁ ስንት ዘመኔ! ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ገዛሁት።

ከዚያ የራሴን ጥበብ ጨመርኩበት። የእኛ ዓይነት እናት ያለ ዕቅድ መተንፈስ አትችልምና በሳምንት አንድ ምዕራፍ የሚል ወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። ኮራ የዕለቱን ትጨርስና አፏን ዘግታ ትቀመጣለች። ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉ ከመደርደሪያው ጠፋ። የት ደረሰ ብላት የእግር ጣቷን እያየች "እንጃ" አለችኝ። ጠልታው ወንዝ ውስጥ ጥላዋለች ብዬ ቁርጤን አወቅሁ። ለዱዌይን አልነገርኩትም። ፋሲካም ቀረበ። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ከጓዳ አውጥቼ አጠብኩት፤ ገመድ ላይ ሳሰጣው አለቀስኩ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በፊት እሑድ አባባ እኛ ዘንድ ምሳ በላ። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ፣ ዶሮም ነበር። ወሬው ከተማ ውስጥ ስላለው ባለ ሱቅ ሆነ፤ መጠጥ ውስጥ ለሚጨምረው በረዶ እንኳ ያስከፍላል እየተባለ። አባባ ጠረጴዛውን መታና "ይኼ ሰውዬ ልክ እንደ ፉስኩስ ነው! ውሃ ቀላቅሎ ወይን ነው ብሎ የሚሸጥ!" አለ።

ዱዌይን ማንኪያውን አስቀመጠና "የትኛው ፉስኩስ?" አለ። አባባ አንድ ሙሉ የበቆሎ ዳቦ አፉ ውስጥ ከተተ። ኮራ ፊቷን በፎጣ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ምስጢሩ ሁሉ ወጣ። እማማ ካረፈች ወዲህ አባባ ብቻውን ነውና ኮራ ከሰዓት በኋላ ጥንቸሎቹን ልታበላለት ትሄዳለች። መጽሐፉን የጥንቸሎቹ መኖ ሣጥን ውስጥ ነው የደበቀችው። የመጀመሪያ ቀን ስታነብ አግኝቷት "በዚህ ቋንቋ ከማን ጋር ልታወሪ ነው? ከሬሳ ጋር?" ይላታል። እሷም "እንግዲያው አህያዋ ምን እንዳደረገች አልነግርህም" ትለዋለች። መጽሐፉን ከድና ጥንቸሎቹን ማብላት ትቀጥላለች። አባባ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ባልዲውን ከዚህ ወደዚያ ያዛውራል። በመጨረሻ "እሺ፣ ምን አደረገች?" ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ በላቲን ታነብለታለች፣ በእኛ ቋንቋ ትተርክለታለች። ፍሪጁ ላይ ካለው ወረቀት ስንትና ስንት ምዕራፍ አልፋ ሄዳለች!

ለምን ደበቅሽኝ አልኳት። "ቀድሜ ማንበቤን ካየሽ ትቆጪኛለሽ ብዬ ነዋ፤ ወረቀቱ በሳምንት አንድ ይላል" አለችኝ። መጽሐፉን ተቀብዬ የደረሰችበትን ልሞክር ብል ከሁለተኛው መስመር አላለፍኩም። ልጄ ከአጠገቤ መጥታ በጣቷ እያሳየች አስረዳችኝ። ሮይስ፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። አስተማሪ በተማሪው ተበልጦ እንዲህ ደስ ሊለው ይችላል ብሎ ማን ያምናል? ዱዌይን ተነሥቶ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ ገነጠለና ምድጃ ውስጥ ጨመረው።

አባባ ግን እጁን አልሰጠም። "እኔ ጥንቸሎቼን ሳይ በጆሮዬ ገባ እንጂ መች ሰማሁ" ብሎ ወጣ። ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ደጃችን ላይ አቆመ፣ በሩንም ከፈተ። ኮራም እንደ ወትሮው ከመጋረጃው ጀርባ ተደበቀች።

በፋሲካው ሳምንት ኮራን ትኩሳት ያዛትና ወደ አባባ ሳትሄድ ቀረች። ታሪኩ የቆመው ፉስኩስ አህያዋን ለአንድ ወታደር የሸጣት ጊዜ ነበር፤ የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። ጥሩምባው ጮኸ። የአባባም ድምፅ ተከተለ፦ "ኮራ! አህያዋ ተመለሰች ወይስ አልተመለሰችም?"

ሠፈሩ ሁሉ ሰማ። ኮራ ተሽሏት ነበርና በሌሊት ልብሷ ላይ የዱዌይንን ካፖርት ደርባ፣ መጽሐፏን ይዛ ወጣች። በጆሮው ሹክ ብላው ትመለሳለች ብዬ ነበር። ደረጃው ላይ ስትወጣ እነዚያ የሳቁባት ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ኮልተን የሚባለው "አሃ፣ ፊደል አምታቺዋ መጣች!" አለ። አባባ በመስተዋቱ አየውና "አንተ፣ አፍህን ዝጋ፤ እግር አለህ፣ መንገዱም አለ" አለው።

ኮራ መጽሐፉን ከፈተች። እኔ በረንዳው ላይ ጄስን ታቅፌ እሰማለሁ። የመጨረሻውን ገጽ ሙሉውን ጮክ ብላ በላቲን አነበበችው፤ አልተንተባተበችም፣ ጣቷንም ከመስመሩ ሥር አላስቀመጠችም። ከዚያ በእኛ ቋንቋ ተረከችው፤ አህያዋ ከገዛት ወታደር ዘንድ ገመዷን በጥርሷ በጥሳ እንደመጣች፣ በሩ ተዘግቶ ብታገኘው ፉስኩስ በሌሊት ልብሱ እስኪወጣ እንደረገጠችው። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። በእሷ ላይ ሳይሆን እሷ ባሳቀቻቸው ነው የሳቁት። ኮልተን አንገቱን አስግጎ "ወታደሩስ? የገዛትስ ምን ሆነ?" አላት። "መጽሐፉን አንብብ" ብላው ወረደች። አለቀስኩ፣ አልደብቅህም፤ ጄስም እኔን አይቶ አለቀሰ።

አባባ በሠላሳ ዓመት ሥራው፣ በረዶ በጣለበት ክረምት እንኳ አርፍዶ አያውቅም። የዚያን ዕለት ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ሰዓቱን እያየ ጠበቀውና ምን አጋጠመህ ቢለው "ላቲን ነበረብኝ" ብሎት አለፈ። ከተማው ሁሉ ይህን ነው የሚያወራው። ግሌንዳም ሐሙስ ዕለት ጠጋ ብላ የመጽሐፉን ስም ጠየቀችኝ።

ከፋሲካ በኋላ ትምህርት ሲከፈት አውቶቡሱ ተመልሶ መጣ። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ። ቀስ አለ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ሁለቴ ጥሩምባ ነፍቶ አለፈ። ኮራ መጋረጃውን ገልጣ እጇን አወዛወዘችለት።

ዱዌይን በብርቱ ሰላም ብሎሃል። ጄስ ወረቀቱን ልሶታል፤ እርጥቡ እሱ ነው። ኮራ ከታች ለአጎቴ ብላ በላቲን የጻፈችውን እኔ ማንበብ አልቻልኩም፤ ምን አልሽው ብላት "ራሱ ተምሮ ያንብበው" አለችኝ። ሊድያን በሁለት ጉንጯ፣ ሳምን ግንባሩን ሳምልኝ ብላሃለች እህትህ።

አባባም ሰላምታውን ከአደራ ጋር ልኮልሃል። የዚህ መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል አለ አሉ፤ በዚያ አገር አሮጌ መጽሐፍ ቤት ካለ ፈልገህ ቶሎ ላክ ብሎሃል። ለልጅቷ ነው በዪው ብሎኛል። እኔም እነሆ ብያለሁ።

እህትህ ዴላ
ሬድ ክሪክ፣ ቴነሲ
እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2009