ባለቤቴን ከወንበርዎ ሳይነሡ ስላከሙልኝ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ቆዳዎ እንዳማረበት፣ እንቅልፍዎም እንደጣፈጠዎ እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ከጤና ጣቢያው አጥር ጀርባ የምኖር አናጢ ነኝ። ባለቤቴን ያስታውሷት ይሆናል፤ ሰፈሩ እታለም የሚላት የመዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ናት። አዲሱ የወረርሽኝ ክትባት በጤና ጣቢያችን ሲጀመር የፈሩትን እናቶች እየለመነች ያመጣችልዎት፣ ራሷም ቀድማ የተከተበችው እሷ ነበረች።

አንደኛው ምስጋናዬ ለፍጥነትዎ ነው። በተከተበች በሳምንቱ ከጀርባዋ እስከ ጡቷ ሥር እንደ መቀነት የዞረ፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጥቶባት ስትመጣ፣ ልብስሽን ገለጥ አድርጊ እንኳ ሳይሏት «ክትባቱ ነው፤ ቆዳሽ ተቆጥቶ ነው፣ ይጠፋል» ብለው ቅባት ሰጥተው ሸኟት። ሰው ክትባቱን እንዳይፈራ አፏን እንድትይዝም መከሯት። እሷም እሺ ብላ እያቃጠላት ዝም አለች።

ሁለተኛው ስለ ትምህርቱ ነው። ሲብስባት ሆስፒታል ወሰድኋት። ሐኪሟ ገና ስታየው አልማዝ ባለጭራ መሆኑን ነገረችን። በልጅነት ከያዘን የጉድፍ በሽታ ተርፎ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ነው አለች፤ ክትባቱ ቀስቅሶት ይሁን በራሱ ተነሥቶ ማንም በርግጠኝነት ሊናገር እንደማይችል፣ ቶሎ ቢታይ ግን የሚያበርደው ክኒን እንደነበረ አስረዳችን። ያ ጊዜ ያለፈው የእርስዎን ቅባት ስንቀባ ነው።

ሽፍታው እንዳሉት ጠፍቷል፤ እውነትዎን ነው። ሕመሙ ግን አልለቀቃትም። ሕፃናቱ ሊያቅፏት ሲሮጡ ወደ ኋላ እየሸሸች፣ ፊታቸው ሲጨልም ማየት አቅቷት ሥራዋን ተወች። እኔም በእንቅልፍ ልቤ እጄን ባሳርፍባት ጮኸች። ከዚያ ቀስ ብላ «ጠልቼህ አይደለም፤ አትንካኝ ብቻ» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንተኛ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። አሁን ሳሎን መሬት ላይ እተኛለሁ፤ ብቻዬን እንደ ልቤ ስለምገላበጥበት ፍራሽ ሦስተኛው ምስጋናዬ ይድረስዎ።

እናቶቹ ዛሬም ልጆቻችንን እናስከትብ ወይ ብለው ይጠይቋታል። ሂዱ፣ አስከትቡ ትላቸዋለች፤ የእርስዎን ነገር አታነሣም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ለተቀመጡበት ወንበር ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣

የእታለም ባል፣ አናጢው

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ሳነብላት «ሰውየውን አታሳፍረው፤ ደክሞት ይሆናል» አለችኝ። እኔ የእሷን ያህል ልብ ስለሌለኝ በጤና ጣቢያዎ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።