ቀበሌው እናት ስለሆነለት ስለ ቦል

ለተከበሩ ጓድ ሽፈራው፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣
ጋምቤላ።

ለባሮ ዳር ሕዝብ ያልተረፈው ጤና ለእርስዎ እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ክንድዎ እንዴት እንደሰነበተ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በሰኔ ወር የጉማሬ አለንጋዎን በሴቶች ጀርባ ላይ ሲያሳርፉ ውለው ትከሻዎን ሲያሹ አይቻለሁና አሳስቦኛል። የሚታሽ ቅባት ካስፈለገዎ ሱቄ ውስጥ አለ።

እርስዎ ያውቁኛል፤ ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር ላይ ተለጥፎ ለሚያነብ መንገደኛ ግን ከገበያው ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ ጨውና ሳሙና የምሸጠው ከይሪያ ነኝ። ሙስሊም ነኝ፤ አረቄ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ነገር ግን ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ መጠጥ ያሸነፋቸውን እናቶች ከጎረቤቴ ከኛሙዎን ጋር ሆነን እናስጠጋለን። ኛሙዎን ጴንጤ ናት፤ የጸሎት ቤታቸው ታሽጎ የእርስዎ መጋዘን ከሆነ ወዲህ የምትዘምርበት ስላጣች እጇን ለእኔ አውሳኛለች።

የቤታችን ሕግ አንዲት ናት። መጠጥ የያዘው ሰው ብቻውን አይገባም፤ ቤተሰቡን ይዞ ይገባል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘነውም። መጀመሪያ ያስጠጋናት ሴት ልጇን ለጎረቤት ትታ መጣች፤ አመሻሹ ላይ የልጇን ለቅሶ የሰማች መስሏት አጥር ዘላ ወጣች፤ ልጇ ጋ ሳትደርስ ግን አረቄ ቤቱ መንገድ ላይ አገኛት። ከዚያ ወዲህ እናትን ከነልጇ፣ ባል ካላትም ከነባሏ እንቀበላለን። መንቀጥቀጡ ሲነሳባት ኛሙዎን ከኋላ አቅፋ ትይዛታለች፤ ልጁ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል፤ እኔ አጥሚት አቀርባለሁ። ልጁን የምታጥበውና የምታጎርሰው እናቱ ብቻ ናት፤ እጇ ተንቀጥቅጦ ግማሹ ቢደፋም እኛ አንነካም። ለልጁም፣ እናትህ ታማለች፣ ያሳመምካት አንተ አይደለህም ብለን እንነግረዋለን። ይህን ሰምቶ የማያለቅስ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ለቢሮዎ እንዲመች ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ቤታችንን «ያልተፈቀደ ስብሰባ» ብለው ስለሰየሙልን አመሰግናለሁ። ሁለት ሴቶች ሲያስታውኩ፣ ልጆቻቸው ደግሞ በጨው ጆንያ ላይ ሲያንቀላፉ፣ መንግሥት ለመገልበጥ እየተመካከሩ እንደሆነ እኔ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። እርስዎ ግን አርቀው የሚያዩ ሰው ነዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ አገባብዎ አመሰግናለሁ። የአብዮት ጥበቃዎችዎ በሩን በእርግጫ ሰብረው ገቡ፤ በሩ ክፍት ነበር። ካስጠጋናቸው ሁለት እናቶች አንዷ ኛኪየር በዚያ ሰዓት የልጇን የቦልን ገላ እያጠበች ነበር። ሳሙናው በዓይኑ እንዳለ በአንድ ክንዱ አንጠልጥለው ሲወስዱት እግራቸው ላይ ተጠመጠመች፤ በሰደፍ አፏን አሏት። የፊት ጥርሶቿን ከሳሙናው ውኃ ውስጥ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ቀጥሎም እርስዎ ራስዎ፣ ይህን ያህል ድካም ለበታች ሠራተኛ ሳይተዉ፣ ሁለቱን እናቶችና ኛሙዎንን ከማንጎው ዛፍ ጋር አሳስረው ገረፏቸው። ቦል ዓይኑን ሲጨፍን አንዱ ጥበቃ ጭንቅላቱን ይዞ አዞረለት። ለትምህርት ነው ማለትዎን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጁ ተምሯል፤ ምን እንደተማረ ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ኛኪየር ጠጪ ሆና አልተወለደችም። ኩዌት የሚባለው ባሏ ዓሣ ሊሸጥ ገበያ በወጣበት ታፍሶ ወደ ሰሜን ተጫነ፤ ይኑር ይሙት እስከዛሬ አልተሰማም። እርስዋም ልጇን ለማብላት በእርስዎ ቀበሌ መዝናኛ ክበብ ብርጭቆ አጣቢ ሆና ተቀጠረች፤ ደመወዝ የለም በተባለ ቁጥር በጠርሙስ የተረፈውን አረቄ ይሰጧት ነበር። መጠጥን ያስተማራት ቤት ይኸው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ከክበቡ በርሜል አንድ ጠብታ ሳይፈስ የአጣቢዋ ደም ፈሰሰ። በዚያው ዕለት ጥበቃዎችዎ ደሟ ከቡትሳቸው ሳይታጠብ እዚያው ክበብ ገብተው ሲጠጡና ሲዘፍኑ ሱቄ ድረስ ይሰማ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ አባንግ ነው። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ሊከዳኝ ስለሚችል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁለተኛዋ እናት እርስዋ ነበረች። የምትጠባ ሴት ልጇን «ለማዳን» ብለው መንገዱ በዝናብ ሳይዘጋ በመኪና ጭነው ወደ ደጋ ሲልኩባት፣ ጡቷ አብጦ ወተቱ በቀሚሷ ላይ እየወረደ ከቢሮዎ ደጃፍ ተቀመጠች። የጠጪ ሴት ወተት መርዝ ነው ብለው አስነሷት። ከዚያ ተነሥታ የት ትሂድ? ክበብዎ ክፍት ነበር፤ እዚያ የቀዱላትን ደግሞ ማንም መርዝ ነው አላላትም። ባሮ ወሰዳት። ወንዙ ሲመልሳት አዞዎቹ ቀድመውን ስለነበር ኛሙዎን የለየቻት በቀሚሷ ቅዳጅ ነው። ገደሏት ብል ያስጠይቀኛል፤ ስለዚህ አልልም። የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ፤ አንባቢ የራሱን ይበል። እኔ ግን አባንግን ባሰብኩ ቁጥር ሚዛኔ ላይ ያለው ብረት ከእጄ አልወርድ ይለኛል።

አራተኛ፣ ስለ ታላቁ ቃልዎ። ኛኪየር በዚያ ሁሉ መካከል አልጠጣችም። ጀርባዋ ላይ ሸሚዝ ተጣብቆ፣ አፏ አብጦ፣ እኛ ዘንድ ሆና አንዲት ጠብታ አልቀመሰችም፤ ቦል ሲመለስ በደህና አፍ ልስመው ትላለች። ቢሮዎ መጥታም በዚያ በተሰበረ አፏ «እኔን እሰሩኝ፤ ልጄ ምን አጠፋ?» ብላ ስትጠይቅዎ፣ ባለጉዳይ ሁሉ እየሰማ «ከዛሬ ጀምሮ እናቱም አባቱም ቀበሌው ነው፤ ቀበሌው ደግሞ እኔ ነኝ» አሏት። አባት ለጠፋበት ልጅ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ አባትም እናትም የሚሆንለት ሊቀመንበር ለየትኛው ከተማ ተሰጥቶ ያውቃል?

አሁን ቦል መጋዘንዎ ውስጥ ያድራል። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ እንደ አባንግ ልጅ ተጭኖ ይሄዳል ተብሏል፤ ከሄደ እናቱ ሁለተኛ አታየውም። ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ መኪናው ሳይመጣ ልጁን ለኛኪየር ይመልሱ። በሌላው ሁሉ፣ እኔን ማሰርንም ጨምሮ፣ እንደፈቀዱ ያድርጉ። የሱቁን ቁልፍ ለኛሙዎን ሰጥቻለሁ፤ ስለዚህ አይቸኩሉ።

ጥላዎ ባረፈበት ሁሉ ሰው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ላደረጉት ለእርስዎ፣ ከጨው ጆንያዎቼ መካከል ሆኜ እጅ እየነሣሁ፣ ገና ያልተገረፈው ጀርባዬ በአድራሻው እንደሚገኝ በትሕትና አረጋግጣለሁ።

ከይሪያ ሙሐመድኑር
ሐምሌ 1979 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለሱቄ በር፣
ለክበቡ በር።

የተረሳ ጉዳይ፦

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል። ቦል ምን ተማረ ላልኩት፣ የእናቱን ሥራ ተምሯል። በክበብዎ ብርጭቆ ያጥባል፤ ጥበቃዎችዎም ሲንገዳገድ አይተው ለመሳቅ የተረፋቸውን አረቄ ይግቱታል። ኛሙዎን የድሮ ጸሎት ቤቷን ግድግዳ ታውቀዋለችና፣ ትናንት ኛኪየርን በላላው ጣውላ በኩል አቀረበቻት። ልጁ እጁን አሾልኮ ሰጣት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቱ ያንን መንቀጥቀጥ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ እጁን እንደያዘች ጣውላው ላይ ግንባሯን ደገፈች።

እንግዲህ ቦል የእኛ ታማሚ ሆኗል፤ ቦታም አዘጋጅተንለታል። ነገር ግን ሕጋችንን ከላይ ጽፌልዎታለሁ፤ ብቻውን አንቀበለውም፣ ከቤተሰቡ ጋር ነው። ቤተሰቡ ደግሞ እርስዎ እንደሆኑ ሕዝብ ምስክር ነው። ስለዚህ ምንጣፍዎን ይዘው አብረውት ይግቡ፤ ሲንቀጠቀጥ በዚያ በጠንካራ ክንድዎ አቅፈው ይይዙታል፣ ያጥቡታል፣ ያጎርሱታል፤ የታመምከው በአንተ ጥፋት አይደለም ብለውም ይነግሩታል። ይህ ከሥራዎ ብዛት የማይመች ከሆነ፣ እናትነቱን ለእናቱ ይመልሱላት፤ እርስዋ ምንጣፏን አንጥፋ እየጠበቀች ነው። በሩ እንደ ሰኔው ዛሬም ክፍት ነው፤ በእርግጫ መምታት አያስፈልግም።